ከበርቹ ዛፍ ሥር ስለ ተወሰደብን ጭፈራ

ለተከበሩ ወይዘሮ ጉንቮር ሬንስትሮም
የግሮስቴን የጨዋታ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ማልሞ

ክብርት ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም አከርካሪዎ ደህና ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ አከርካሪን ከሌላው አካል ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት ዝቅ ብለው ያገኙታል። በአገራችን ሚኒስትሩንም፣ ሐኪሙንም፣ ጳጳሱንም «አንተ» ማለት ደንብ እንደሆነ፣ እርስዎም ሥራ በጀመርኩበት ቀን «ጉንቮር በለኝ፤ እዚህ ቤት አለቃ የሚባል ነገር የለም» እንዳሉኝ አልዘነጋሁም። ነገር ግን ባሌን ዛፍ ላይ ከሰቀሉት ወዲህ በ«አንቺ» መቀጠል መዳፈር ስለመሰለኝ፣ እስከ ደብዳቤው መጨረሻ «እርስዎ» እያልኩ እንድዘልቅ ይፍቀዱልኝ።

ደብዳቤው በአደባባይ የሚነበብ ስለሆነ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ለማያውቁት ደግሜ ብናገር ይታገሱኝ። ስሜ ሲክስተን ኡልበርግ ነው። በድርጅትዎ ውስጥ ሥራዬ የሰዎችን አሟሟት ማሳመር ነበር። «የበረዶ መጥረቢያ» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታችን ውስጥ አንገቱ ተቀልቶ ሁለት እርምጃ የሚራመድ ዘራፊ፣ ሆዱ ተዘርግፎ አንጀቱን በእጁ ሊመልስ የሚታገል ጦረኛ፣ ወይም በመቅዘፊያ ተመትቶ ጥርሱን እየተፋ የሚንበረከክ መነኩሴ ያየ ሰው ካለ፣ የእኔን የእጅ ሥራ አይቷል። ሟቹ ደግሞ ባሌ ቶርኬል ነው፤ እኔም ወንድ፣ እሱም ወንድ። እሱ ወደቡ ዳር ባለው አዳራሽ ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች የተለጠፉበት ጥብቅ ልብስ ለብሶ ይወድቃል፤ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ካሜራዎች አወዳደቁን ይቀዳሉ፤ እኔም ያንን እንቅስቃሴ ወስጄ በኮምፒውተር የተሣለውን ጢማም ጦረኛ አለብሰዋለሁ። በሬ ካራጁ ይውላል እንደሚባለው፣ ቀን ስገድለው ውዬ ማታ ከአደባባዩ የገዛነውን ፈላፍል የተባለ የሽምብራ ጥብስ አብረን እየበላን ብዙ ዓመት በሰላም ኖረናል።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ። በእርስዎ ቤት ቁጥር የሌለው ነገር እንደማይነበብ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ። ከቅሬታ ምስጋና ይቀድማልና፣ መጀመሪያውኑ ወደ ጨዋታው ስላስገቡን አመሰግናለሁ። አስገቡን ስል እኛ ለምነን አይደለም። የሽያጭ ኃላፊዎ ፖንቱስ አንድ ቀን ከስብሰባ እየሮጠ ወጥቶ፣ ወጥ ጥዶ ጨው እንዳለቀበት ሰው፣ «የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ያስፈልገናል! ተፎካካሪዎቻችን ሁሉ አስገብተዋል፤ እኛ ብቻ ቀረን እኮ!» ብሎ ስለጮኸ ነው። እናም በጨዋታው ውስጥ ያሉት ብረት ቀጥቃጩ ኤስኪልና ቀዛፊው ብራንድ፣ ተጫዋቹ ከጦርነቱ በሕይወት ካተረፋቸው፣ ነጭ ግንድ ባለው የበርች ዛፍ ሥር እንዲጋቡና ፖልስካ እንዲጨፍሩ ተወሰነ። ፖልስካ ጥንድ ሆነው እየተሽከረከሩ የሚጨፍሩት የአያቶቻችን ጭፈራ በመሆኑ ከተቀጠሩት ተዋንያን መካከል የሚያውቀው ጠፋ። እኔና ቶርኬል ግን የተዋወቅነው በፖልስካ ነው፤ የተጋባነውም በፖልስካ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛዬን ትቼ ያንን ጥብቅ ልብስ ለበስኩ፤ ሆዴ ምን ይመስል እንደነበር ካሜራዎቹ ይመስክሩ። እኔ ሁልጊዜ ከምቱ ትንሽ እዘገያለሁ። ቶርኬል ደግሞ ከመዞሩ በፊት ግራ እግሩን ጎተት ያደርጋል፤ ደጃፍ ላይ የጫማውን ጭቃ የሚጠርግ ሰው ይመስላል። በዓለም ላይ እንደዚያ የሚዞር ሌላ ሰው አላውቅም። እርስዎ ያንን ጭፈራ ለመጽሔቶች ልከው ሽልማት ተቀበሉበት፤ በወደቡ በኩል ባለው መስኮትዎም ላይ ትልቅ የቀስተ ደመና ሰንደቅ ተዘረጋ። ሰንደቁ እንግዶች ከሩቅ አገር በመጡ ቀን ለእጥበት የሚወርድ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ንጽሕና ወዳድነትዎ ያስመሰግናል።

ሁለተኛ። ጭፈራው የተቀዳው ከምሳ በፊት ነበር። ከምሳ በኋላ ደግሞ ቶርኬል በቀስት ተመትቶ ከግንብ ላይ የሚወድቅበት ተራ ደረሰ። እርስዎ ራስዎ ሊያዩ ስለወረዱ ሁላችንም ኮራን። ወደቀ፤ ጥሩ አድርጎ ወደቀ። እርስዎም ፈገግ ብለው «ቆንጆ ነው፤ ግን ክብደት ይጎድለዋል። እስኪ አንዴ ብቻ ድገምልኝ» አሉት። እሱም እንደ ልማዱ «ለአንቺማ ደግሜም እሞታለሁ» ብሎ ደረጃውን ወጣ። በፊተኛው ውድቀት የተንሸራተተውን ፍራሽ ማንም አላቃናውም ነበር። ለጨዋታችን የአጥንት ስብራት ስንቀዳ ደረቅ ቂጣ በፎጣ ጠቅልለን እንሰብራለን፤ የእውነተኛ አከርካሪ ድምፅ ከዚያ በጣም ያነሰ፣ አዳራሹ ጸጥ ባይል የማይሰማ መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። ቀጥሎ የመጣው ጩኸት ግን አነስተኛ አልነበረም። ባሌ ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልቆመም። ለላኩልን አበባ እናመሰግናለን። ውድቀቱንም ሳያባክኑ፣ ጩኸቱን ብቻ አጥፍተው በጨዋታው ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ ስላስገቡት ደግመን እናመሰግናለን። ቶርኬል ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ በቴሌቪዥን ባየው ቁጥር «አሁንስ ክብደት አለው» ይላል።

ሦስተኛ። ይህ ቅሬታ ፎቅ ላይ ስላለው ቢሮዎና ሁልጊዜ ስለሚበላሸው አሳንሰር ነበር። ቶርኬል ረቂቁን አንብቦ «ስለ አሳንሰር አታልቃቅስ! ደግሞ እዚያ መውጣት የሚፈልግ ማን አለ?» ብሎ ሰርዞታል። ቁጥሩን ግን ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ።

አራተኛ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በሦስት አገሮች የሚያከፋፍልልን ድርጅት ማሳሰቢያ ላከ፤ ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ባለ አክሲዮኖችም ከኋላ ሆነው ገፉ። እርስዎም እንደ ቤታችን ደንብ ዓርብ ዕለት በሄል በተቀመመ ዳቦ ዙሪያ ሰበሰቡን፤ ፖንቱስም ማሳሰቢያውን አነበበ። የሚቀላውን አንገት ወደውታል። ንግሥቲቱ በገዛ ሹሩባዋ ታንቃ የምትሞትበትን ክፍል «እጅግ ማራኪ» ብለውታል። በረት ውስጥ ተዘግቶባቸው የሚነዱት መነኮሳት ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ቢነዱ ደስ እንደሚላቸው በትሕትና ጠቁመዋል። የገዢዎቻችንን ስሜት ስለሚጎዳ ይውጣልን ያሉት ከበርቹ ሥር ያለውን ሠርግ ብቻ ነው። ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ ከዚያ ገበያ የሚመጣው ገቢ የስንቱን ባልደረባዬን የቤት ኪራይ እንደሚሸፍን አውቃለሁ፤ ፊትዎም ያን ቀን የገረጣው በማስመሰል አልነበረም። ቢሆንም፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ወንዶች ከሚነድ መነኩሴ ይልቅ ያስደነግጣሉ ብሎ ያን ማሳሰቢያ የጻፈውን ሰው ባገኘው፣ ከየትኞቹ ጋር በአንድ አሳንሰር ውስጥ መዘጋት እንደሚመርጥ ብጠይቀው እወድ ነበር።

ፖንቱስ «ሦስት አገር እኮ ነው! ለአንዲት ጭፈራ ሦስት አገር ልናጣ?» ካለ በኋላ መፍትሔም አላጣም፤ «ብራንድ ከሠርጉ በፊት ቢሞትስ? ቢሞት ማንም ቅር አይለውም» አለ። እርስዎም ጥቂት አሰብ አድርገው «ታዲያ ለምን አንዱ ብቻ? ሁለቱም ይሙቱ፤ እኩል ይሆናሉ» አሉ። ለእኩልነት ያለዎት ጽናት ዝነኛ ነው። በዚህ ጊዜ እኔ እጄን አንሥቼ፣ ያ ጭፈራ ቶርኬል በሁለት እግሩ የጨፈረው የመጨረሻው መሆኑን፣ ከሰዓት በኋላ ምን እንደደረሰበትም ሁሉም እንደሚያውቅ ተናገርኩ። እጅዎን ክንዴ ላይ አሳርፈው «ሲክስተን፣ ስሜትህን በጣም ነው የምናከብረው» አሉኝ፤ ቃለ ጉባኤውም ስሜቴ መከበሩን መዘገበ፤ ስሜት ደግሞ ከተቃውሞ አይቆጠርም። ከዚያ ዙሪያውን ቃኝተው «የሚቃወም አለ?» ብለው ጠየቁ። ዳቦ ሲታኘክ ተሰማ። እኛ ዘንድ በስብሰባ ላይ ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷልና ውሳኔው በአንድ ድምፅ አለፈ። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አንድ ነብር ፈጃት ይባላል፤ የእኛዎቹ በጎች ግን ሁለተኛ ዳቦ አነሡ።

አምስተኛ። የሠርጉን መቅረት እንኳ እንደ መራራ መድኃኒት ውጬው ነበር። ነገር ግን በድርጅትዎ ውስጥ አንዴ የተቀዳ እንቅስቃሴ አይጣልም። የሰካራም መንገዳገድ ተቆርጦ መርዝ ለጠጣ ሰው ይሰጣል፤ ሕፃን የምታባብል ሴት እጆች ገልበጥ ተደርገው አንገት የሚያንቁ እጆች ይሆናሉ። ይህን አሠራር እኔም ስኖርበት ስለኖርኩ ልወቅሰው አልችልም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፖንቱስ አዲሱን ክፍል በትልቁ ስክሪን ላይ አሳየን። ያው የበርች ዛፍ ነው፤ የሠርጉ አበባ ተገፎለት ገመድ ተንጠልጥሎበታል። ኤስኪልና ብራንድ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ ዓይናቸው ፈጧል፣ ምላሳቸው ጠቁሯል፣ እግራቸው አየሩን ይራገጣል። ፖንቱስ ጠረጴዛውን እየመታ «ወይ የእግሩ አረጋገጥ! ነፍስ አለው እኮ!» አለ። ነፍስማ ነበረው። የአንደኛው ሟች ግራ እግር፣ ከመዞሩ በፊት፣ ጭቃ እንደሚጠርግ ጎተት ሲል አየሁ። ከጎኑ ደግሞ ከምቱ ትንሽ የሚዘገይ ሌላ ጥንድ እግር ነበረ፤ እሱ የእኔ ነው። የሠርጋችንን ጭፈራ ወስደው የስቅላት ጣር አደረጉት።

ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ለመደበቅ ጨዋነቴ አይበቃም። ሰው መግደል ሙያዬ ስለሆነ፣ በእርስዎና በፖንቱስ ላይ ሊፈጸም የሚችለውን ሁሉ፣ ምላጩ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ጭምር፣ በዝርዝር በዓይነ ሕሊናዬ ሣልኩ። ሥዕሉ በጣም ስላማረ በገዛ እጄ ደነገጥኩ። በማግስቱ ልቤ ረግቶልኝ ቢሮዎ መጥቼ ያንን እግር ከገመዱ ላይ እንዲያወርዱ ስለምንዎ፣ «ማን ያውቃል ብለህ ነው ሲክስተን? እግር እኮ ነው፤ እግር ሁሉ እግር ነው። ደግሞ ውሳኔው የሁላችንም ነው፤ ማንም አልተቃወመም» አሉኝ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል እሰማ ነበር፤ ምሳሩን ይዘው የቆሙት በየዓርቡ ዳቦ የሚያቀርቡልኝ ሰዎች ይሆናሉ ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

ቤት ገብቼ ለቶርኬል ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። «ተሰቀልኩ በለኛ! እሱ ነበር የቀረኝ» አለ። ከዚያ ወንበሩ መርገጫ ላይ የተቀመጡትን እግሮቹን ብዙ አያቸው። በመጨረሻም እንዲህ አለኝ፦ «በመጥረቢያም፣ በቀስትም፣ በእሳትም ሞቼላቸዋለሁ። አሁንም ይግደሉኝ፤ ሥራዬ ነው። ስጨፍር ግን አልሞትኩም። ይህን ንገራት።» እነሆ ነገርኩዎ።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት ናት። ሠርጉን ቢመልሱት ደስታዬን አልችለውም፤ ያ ከገበያዎ የሚያጣላዎ ከሆነ ግን እግራችንን ከገመዱ ላይ ብቻ ያውርዱልን። ለመሰቀል የሚሆን እግር ካስፈለገ ፖንቱስ ሁለት ጤነኛ እግሮች አሉት፤ ልብሱም በልኩ ነው፤ እኔ ለአንድ ቀን ተመልሼ በነፃ አሳምርለታለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣ የቸርነትዎ ባለዕዳ፣ ስሜቱ በቃለ ጉባኤ የተከበረለት፣ በድርጅትዎም ውስጥ ስንቱን አንገት በታማኝነት የቀላ፣ ከትናንት ጀምሮ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ የቀድሞ ገዳይዎ፣

ሲክስተን ኡልበርግ
ማልሞ

ማስታወሻ፦ ዓይንዎን ካስቸገርኩ አይቀር አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። ጨዋታው ወደ ፋብሪካ ከመላኩ በፊት ለሠራተኛው ሁሉ ቤት ወስዶ የሚሞክረው ቅጂ ታድሎ ነበር። ቶርኬል ሲጫወት በርቹ ዛፍ ሥር ደረሰና ራሱን ተሰቅሎ አየ። «እስከ መቼ ይንጠለጠላል? ላውርደው እስኪ» ብሎ ገመዱን በመጥረቢያ ቆረጠው። ሬሳው በረዶው ላይ ዱብ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም፤ ምክንያቱም ያንን እንቅስቃሴ ሲቆርጡ የላይኛውን እንጂ ሥሩን አልነኩትም። ገመዱ እስካለ ድረስ እግሩ ይራገጣል፤ ገመዱ ሲበጠስ ግን እንቅስቃሴው መሬት አግኝቶ እንደ ተቀዳው ይቀጥላል። ሬሳው ተነሣ። ምላሱ ጠቁሮ፣ የገመዱ ቁራጭ አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ክንዱን ዘርግቶ ባዶ አየር አቅፎ ፖልስካ መጨፈር ጀመረ።

ቶርኬል «ሲክስተን! ና ቶሎ!» ብሎ ሲጮህ ሳህን ጥዬ ሮጥኩ። «ሁለተኛውንም ልቁረጠው?» አለኝ። ቁረጠው አልኩት። ጭፈራው የተቀዳው ለጥንድ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሬሳ በረዶውን አቋርጦ መጣና እጁን ሰጠው። ሁለት የተሰቀሉ ሰዎች ከበርቹ ሥር፣ አንዱ እግሩን እየጎተተ ሌላው ከምቱ እየዘገየ፣ ዞሩ። በዚህ መካከል፣ እንደሚያውቁት፣ ያ ጫካ ዘራፊ አያጣም፤ ከሦስት አቅጣጫ ወጡ። ቶርኬል «ሠርግ ላይ ነን፣ ዞር በሉ!» እያለ አንዱን ከትከሻው እስከ እምብርቱ ሰነጠቀው፣ የሌላውን አንገት በአንድ ምት አወረደው፣ የቀሩትንም እየተከታተለ አንድ ሳያስቀር ጨረሳቸው፤ ጭፈራውን ማንም ሳያውክ እስከ መጨረሻው አየነው። እኔ አለቀስኩ፤ እሱም አለቀሰ።

በመጨረሻው የፍተሻ ስብሰባ ላይ እርስዎ «ሌላ የምትሉት ነገር አለ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ዝም አልኩ፤ ዝም ያለ ተስማምቷልና ጨዋታው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ዲስኮቹ አሁን በመደብሮቹ ውስጥ ናቸው፤ ሦስቱንም አገሮች ጨምሮ። ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፤ ስቅላቱ በየካርቶኑ ሽፋን ላይ ያለው ያ ስለ ጭካኔው የኮሩበት ምስል ነው። እንተወው ካሉ ሠርጋችን በየቤቱ ይደገሳል። የለም፣ በሚቀጥለው እርማት እንለውጠዋለን ካሉ ደግሞ እግራችንን ከገመዱ ላይ ማውረድዎ ነው፤ እኔም የለመንኩዎ እሱኑ ነበር።

ቶርኬል ሰላም ብሎዎታል። ጭፈራው ክብደት ጎድሎት እንደሆነ ይንገሩን ይላል፤ መድገም ግን አንችልም።